ከአልጋው ሥር ያለው ካርቶን

በውስጥ ደዌ ክፍል በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ጠዋት ጠዋት ከአፌ የማይጠፋ አንድ ትእዛዝ ነበር፤ «አስታማሚዎች ውጡ፣ ራውንድ ነው!» ይህን ስል ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፣ እጄንም ሁለት ጊዜ አጨበጭባለሁ። ሌሊቱን ከአልጋው ሥር ካርቶን አንጥፈው ያደሩት እናቶች፣ እህቶች፣ ልጆችና ባሎች ነጠላና ጋቢያቸውን እያጠፉ፣ ፔርሙዛቸውንና ምሳ ዕቃቸውን ወደ ጥግ እየገፉ፣ ካርቶናቸውን ጠቅልለው ከፍራሹ በታች ሸጉጠው ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል፤ እኛም ከሲኒየሩ ሐኪም፣ ስፔሻሊቲ ከሚማረው ሬዚደንትና ልምምድ ላይ ካሉት ኢንተርኖች ጋር ከአልጋ አልጋ መዞር እንጀምራለን። ለረጅም ጊዜ ይህን ሥርዓት የሚያጠያይቅ ነገር አድርጌ አላየሁትም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የታካሚ ምስጢር መጠበቅ አለበት፤ የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ቆሞ እየሰማ ስለ አንድ ሰው ሽንትና ሰገራ መነጋገር ነውር ነው። እነዚህ ምክንያቶች ዛሬም ትክክል ናቸው። ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ እሱ እስኪገባኝ ድረስ ግን አንዲት እናትና አንድ የሁዳዴ ጾም አስፈለጉኝ።

እኚህ እናት ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የተጠጋ፣ በልጅነት በአግባቡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ከዓመታት በኋላ የልብን ቫልቭ እያበላሸ የሚያመጣው፣ በአገራችን ሆስፒታሎች ዘወትር የምናየው ዓይነት የልብ ሕመም የነበረባቸው ናቸው። ሲገቡ እግራቸው አብጧል፣ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ሦስት ትራስ ካልተደገፉ ጋደም ማለት አይችሉም ነበር። በደም ሥር በተሰጣቸው ላሲክስ በተባለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ውሃው ወጣላቸው፤ በአምስተኛው ቀን አንድ ትራስ በቃቸውና መድኃኒቱ ወደ ኪኒን ተቀየረ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን እግራቸው እንደገና ማበጥ ጀመረ።

ራውንዱ ላይ ብዙ ተባለ። ኪኒኑ በደንብ ወደ ደም አልገባ ይሆናል፤ ኩላሊታቸው ደክሞ ይሆናል፤ ከቤት የሚመጣላቸው ወጥ ጨው በዝቶበት ይሆናል። የኩላሊት ምርመራ ታዘዘ፣ የኪኒኑ መጠን ከፍ እንዲል ተደረገ፣ ካልሆነም ወደ መርፌው እንደምንመለስ ተነገረ። እኔ በበኩሌ ቻርቱ ላይ መድኃኒት መሰጠቱን የሚያሳየውን ሣጥን በገዛ ፊርማዬ እየሞላሁ ስለነበር አንድም ጥርጣሬ አልነበረብኝም። በእርግጥም ሰጥቻለሁ፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ኪኒኗን በትንሿ የፕላስቲክ ክዳን አድርጌ እጃቸው ላይ አስቀምጫለሁ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አልጋ ሄጃለሁ።

ሁለት ቀን ሙሉ ልጃቸው በሩ ላይ «ሲስተር፣ አንዴ…» ስትለኝ «ራውንድ ይለቅ፣ በኋላ» እያልኩ አልፌያታለሁ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመድኃኒት ክፍሉ ስወጣ መንገዴን ዘግታ ቆመችና ባለ ሃምሳ ሉክ የትምህርት ቤት ደብተር ዘረጋችልኝ። በየገጹ ቀኑ ተጽፏል፤ በስተግራ ስንት ብርጭቆ ውሃ እንደጠጡ፣ በስተቀኝ ስንት ጊዜ ሽንት እንደወጡ፣ ከታች ደግሞ ኪኒኑ የተወሰደበት ሰዓት። ከኪኒኑ አጠገብ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ ዘጠኝ ነበር። «እማዬ እኮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም» አለችኝ። «የጠዋቱን ትራሷ ሥር ታደርገዋለች። ዘጠኝ ሲሆን ሁለቱን አንድ ላይ ለመዋጥ ትፈራና አንዱን ትተወዋለች። ለእናንተ እንዳልናገር ደግሞ በማርያም ለምናኛለች።» ከትራሳቸው ሥር በሶፍት የተጠቀለሉ አራት ኪኒኖች አገኘሁ።

የተደረገው ነገር ከባድ አልነበረም። ልጅቷ ለንስሐ አባታቸው ደወለች፤ ካህኑ በማግስቱ መስቀላቸውን ይዘው መጡ፣ ለታመመ ሰው ጾሙ እንደማይጸናበት ነግረው ጠዋት በውሃ መድኃኒታቸውን እንዲወስዱ ፈቀዱላቸው። እሳቸው ምግቡን እስከቻሉት ለመቆየት ወሰኑ፤ በዚያ ላይ ማንም አልተከራከራቸውም። የኩላሊት ምርመራው ውጤት ደኅና ሆኖ መጣ፤ እብጠቱም በቀናት ውስጥ ጎደለ። የጠፋው የአንድ ሳምንት አልጋ፣ ያለ ጥቅም የተቀዳ ደምና ለምርመራ የተከፈለ ገንዘብ ግን አልተመለሰም። እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች አልጋውን ከበው ሲመራመሩ፣ መልሱ ከበሩ ውጭ ደብተር ታቅፎ ቆሞ ነበር፤ እንዲቆም ያደረግሁትም እኔ ነኝ። (የረመዳን ወር ሲገባ ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ እንደሚያጋጥም ያወቅሁት መጠየቅ ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ ለካ ሳንጠይቅ ያለፍናቸው ረመዳኖች ብዙ ናቸው።)

ቋንቋችን ሁለት የተለያዩ ግሦች አሉት፤ ማከምና ማስታመም። ማከም የሐኪም ሥራ ነው፤ መርምሮ፣ አዝዞ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ የሚደረግ ነው። ማስታመም ግን ከጎን መሆን ነው፤ ማጉረስ፣ ማገላበጥ፣ ላብ መጥረግ፣ ሌሊት ማቃሰት መስማት፣ የሚያስቀውንም የሚያስቆጣውንም ማወቅ። ታመመ የሚለው ግሥ በማስታመም ውስጥ እንዳለ ቁጭ ብሏል፤ የሚያስታምመው ሰው ከሕመሙ ውጭ ቆሞ ሊያስታምም እንደማይችል ቃሉ ራሱ የሚናገር ይመስለኛል። ሆስፒታሎቻችን እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለሁለት ወገን አከፋፈሉ። ማከሙ ደመወዝ፣ ጋውንና ማኅተም ተሰጠው፤ ማስታመሙ ለቤተሰብ ቀረ። ከዚያም አልፎ ቤተሰቡን እንደ ትርፍ ሰው ቆጠርነው። በበር ላይ ጥበቃው ይገላምጠዋል፣ በክፍሉ ውስጥ እኛ እናባርረዋለን፤ መድኃኒት ከውጭ መገዛት ሲኖርበት፣ ደም ለጋሽ ሲፈለግ፣ ታካሚ በዊልቸር ወደ ራጅ ክፍል መገፋት ሲኖርበት ግን «የዚህ አልጋ አስታማሚ የት አለ?» ብለን የምንጣራው እኛው ነን። ከነማ ፋርማሲ፣ ቀይ መስቀል፣ ከዚያም የግሉን ሁሉ ሲዞር ውሎ አንድ ብልቃጥ ይዞ የሚመጣ ወንድም፣ ደክሞት ኮሪደር ላይ ቢቀመጥ «መንገድ አትዝጋ» የሚል ይጠብቀዋል።

በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአራት ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ ተንከባካቢ፣ አክባሪና ሩኅሩኅ የጤና ባለሙያ ማፍራት ነበር። በእኛ ዘንድ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ «ሲ አር ሲ» ይባል ነበር። ሥልጠናውን ወስጃለሁ፤ ፖስተሩም ከነርሶች ጠረጴዛ በላይ ለዓመታት ተለጥፎ ኖሯል። አሳቡን አላቃልልም፤ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ርኅራኄ የሚለው ቃል ከአልጋ ቁጥርና ከመድኃኒት አቅርቦት ጋር እኩል ተጽፎ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ቅሬታዬ ርኅራኄን እንደ ጠባይ ብቻ አድርገን መማራችን ላይ ነው። ፈገግ በሉ፣ ሰላም በሉ፣ አትቆጡ ተባልን። እኔ ያቺን ልጅ በሩ ላይ ሳልፋት ክፉ ሰው ስለነበርኩ አልነበረም። ከእኔ ጋር አንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነበረች፤ ሁለታችን ደግሞ ሃያ ስምንት አልጋ ይዘን ነበር፤ ራውንድ፣ መርፌ፣ ላብራቶሪ፣ አዲስ ገቢ፣ ሬሳ። በዚያ ላይ ጥሩ ነርስ ማለት ቻርቷ በሰዓቱ የተሞላ ነርስ መሆኗን ሁላችንም ተስማምተንበታል። «ኪኒኑን ወሰዱት?» ብሎ ቆሞ የሚጠይቅ ሣጥን ቻርቱ ላይ የለም። የምትጠየቂው ስለ ሰጠሽው ነው፤ ስለ ተዋጠው የሚጠይቅሽ የለም። ፈገግታዬን እጥፍ ባደርገው ኖሮ እንኳ እነዚያ አራት ኪኒኖች ትራሱ ሥር ይቆዩ ነበር።

አስታማሚ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ሙሉ በሙሉ የታየኝ ግን እሱ ሲጠፋ ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታካሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በነበሩት ወራት፣ እኛም ዘንድ አስታማሚ እንዳይገባ ተከለከለ። በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ከመካከላችን «እንዲህ ነው እንጂ ሆስፒታል» ያሉም ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ፀጥታው ምን እንደነበረ መታየት ጀመረ። የተቀመጠው ምሳ ሳይነካ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው አባት ክዳኑን የሚከፍትላቸው የለም። ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ብቻ የሚናገሩ ታካሚዎች የሚያስተረጉምላቸው ልጅ በር ላይ ቀርቷል። ግሉኮስ አልቆ ደም ወደ ቱቦው ሲመለስ ሮጦ የሚጠራን የለም። አንድ አዛውንት ቀኑን ሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሲውሉ ሥነ አእምሮ ሐኪም እንጥራ ተባለ። ኋላ አንዷ ባልደረባችን በራሷ ስልክ ከሚስታቸው ጋር ስታገናኛቸው «ሬዲዮዬን አልላክሽልኝም» ብለው ተቆጡ። ሬዲዮኑ መጣ፤ እሳቸውም ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ቢሆን ኖሮ ይህ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነበር።

ታካሚን ማዕከል ያደረገ እንክብካቤ የሚለው አባባል በጽሑፍ ላይ ደረቅ ይመስላል። ለእኔ ትርጉሙ ይህ ነው፤ አልጋው ላይ ያለው ሰው ከመታመሙ በፊት ማን እንደነበረና አሁን ምን እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው ከሕክምናው ውሳኔ ውጭ አይቁም። ያ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ታካሚው ራሱ ነው፤ ቀጥሎ ደግሞ እሱ የመረጠው አስታማሚ ነው።

ይህን ከእኔ በፊት የገባቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የመጡት ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊን፣ በምጥ ብዛት ፌስቱላ (ሽንት ያለማቋረጥ የሚያፈስ የውስጥ ቀዳዳ) የደረሰባቸውን ሴቶች ማከም ሲጀምሩ ከቀዶ ሕክምናው ጎን ለጎን አንድ ነገር አደረጉ፤ የዳኑትን ሴቶች ለአዳዲሶቹ አስታማሚ አደረጓቸው። ማሚቱ ጋሼ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። በልጅነታቸው በምጥ ተጎድተው ለሕክምና መጡ፣ ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ በማንጠፍ ጀመሩ፣ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው በሐምሊኖቹ አጠገብ ቆመው ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ ኋላም በዓለም የታወቁ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቢቢሲ በዓመቱ መቶ ሴቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል። ስለ እሳቸው ሲወራ ሁልጊዜ የሚደነቀው ሳይማሩ ቀዶ ሐኪም መሆናቸው ነው። እኔን የሚገርመኝ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ሽንት የሚያንጠባጥባት፣ ባሏ የሸሻት፣ አውቶቡስ ላይ ሰው ያልቀረባት ሴት ሆስፒታል ስትደርስ መጀመሪያ የምታገኘው አቀባበል ከራሷ ዓይነት ሴት የሚመጣ መሆኑ ነው። ማንም ሥልጠና ያንን አይተካም። በዚያ ቤት ማከምና ማስታመም አልተፋቱም።

በወሊድ በኩልም አገራችን ደኅና ነገር ሞክራለች። በየጤና ጣቢያው ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ፣ ከሩቅ የሚመጡ እርጉዞች ቀናቸው እስኪደርስ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ እንዲኖር የተደረገው እናቶች «ቤቴ ብወልድ ገንፎዬን እበላለሁ፣ እናቴ ወገቤን ትይዘኛለች» ስለሚሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 በወሊድ ጊዜ የሚደርስ ክብር መንፈግ እንዲቆም የሚጠይቅ መግለጫ ካወጣ በኋላ፣ በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ እያንዳንዷ ምጥ ላይ ያለች ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን አሳስቧል። የእኛ እናቶች ወገብ የሚይዝ ሰው እንደሚያስፈልግ ያለ መግለጫም ያውቁት ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን እውነትን የመናገር ነገር ነው። እኛ ለመርዶ እንኳ ሥርዓት ያለን ሕዝብ ነን፤ ለብቻው ላለ፣ መንገድ ላይ ላለ፣ ሥራ ቦታ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩን አንኳኩቶ ይነግራል። ሆስፒታል ግን ውጤቱ በደረሰ ሰዓት፣ በኮሪደር፣ በቁመት ይነግራል። ይህን ያዩ ቤተሰቦች የሚያደርጉት ሌላኛውን ጥግ መያዝ ነው፤ ከክፍሉ ውጭ አስቁመው «እባካችሁ ለእሳቸው አይነገር» ይሉናል። እኛም አብረን እንዋሻለን። «ጉበትዎ ትንሽ ቆስሏል» ያልኳቸውን ሰዎች ቁጥር አላስታውስም።

አንድ ሬዚደንት ግን ከዚህ ያወጣኝን ነገር አሳየኝ። ታካሚው ከጉራጌ አገር የመጡ፣ በመርካቶ አርባ ዓመት የነገዱ አባት ነበሩ፤ የጉበት ካንሰር ነው፣ ተስፋፍቷል፣ ልጃቸውም እንደተለመደው አይነገር ብሏል። ሬዚደንቱ አልነገራቸውም፤ አልዋሻቸውምም። የፕላስቲክ ወንበር ስቦ ዓይናቸው ትይዩ ተቀመጠና፣ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ያገኘነውን ለማን ብንናገር ይወዳሉ? ለእርስዎ፣ ለልጅዎ፣ ወይስ አብራችሁ ሆናችሁ?» አላቸው። አባባ ጥቂት ዝም አሉና፣ «ለልጄ ንገሩት» አሉ። «እሱ እኔ እንዳልሰማ ብሎ ይደብቀኛል፤ እኔም እንዳልሰማ ሰው እሆንለታለሁ። እናንተ ግን ከመስቀል በፊት አገሬ እንድገባ አድርጉኝ።»

እዚያ ቆሜ መርፌ ስቀዳ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ። ሁላችንም ከእሳቸው የምንደብቀውን እሳቸው ከልጃቸው እየደበቁ ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ያደረግነው ሁሉ በዚያ አንድ ቀን ዙሪያ ታሰበ። ለአንድ ወር የተያዘው የምርመራ ቀጠሮ ተሰረዘ፤ ሆዳቸው ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ መንገድ ከመጀመራቸው ዋዜማ ወጣላቸው፤ የሕመም ማስታገሻውን በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ ለልጃቸው ሁለት ጊዜ አስጻፍኩት፤ ጉዞው ከአውቶቡስ ይልቅ በወንድማቸው ልጅ መኪና እንዲሆን ተደረገ። መስከረም ሲጠባ ወጡ። ያ ንግግር ወንበሩን ከመሳብ ጋር ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ለነገሩ ያቺ ወንበር የነርሶች ናት፤ ስትወሰድ እናኮርፍ ነበር።

ስም የመናገርም ነገር አለ። እንግሊዛዊቷ ሐኪም ኬት ግሬንጀር እ.ኤ.አ. በ2013 በካንሰር ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ብዙዎቹ የሚያክሟት ሰዎች ስማቸውን ሳይነግሯት እንደሚነኳት አስተዋለች፤ ከባሏ ጋር ሆናም «ጤና ይስጥልኝ፣ ስሜ እገሌ ይባላል» በሚል ቀላል አባባል ላይ የቆመ ዘመቻ ጀመረች። በ2016 እስክታርፍ ድረስ ዘመቻው ከአገሯ አልፎ ሄዶ ነበር። በእኛ አገር ነገሩ ሌላ መልክ አለው። እኛ «እማማ»፣ «አባባ»፣ «እናቴ» የምንላቸው በአክብሮት ነው፤ አንቱታውም በአብዛኛው ይጠበቃል። ሆኖም አክብሮቱ ስም እንዳንጠይቅ መሸሸጊያም ሆኖናል፤ ፊት ለፊት እማማ ያልናቸው ሰው ዞር ስንል «አልጋ ዘጠኝ» ናቸው። እነሱም በበኩላቸው ነጭ የለበሰውን ወንድ ሁሉ ዶክተር፣ ሴቱን ሁሉ ሲስተር ይሉታል፤ ተማሪው፣ ላብራቶሪው፣ ስፔሻሊስቱ አንድ ነው። ማን ምን እንዳላቸው ለቤተሰብ መናገር አይችሉም። «አንዱ ነጭ የለበሰ ልጅ ትወጫለሽ ብሎኛል» ብለው ልብሳቸውን አጣጥፈው የጠበቁ ሴት አውቃለሁ፤ ያ ልጅ ኢንተርን ነበር፣ የሲኒየሩን ሐሳብ አልሰማም።

ከእኚያ የልብ ታማሚ እናት በኋላ እኛ ክፍል ትንሽ ነገር ተቀየረ። «ውጡ» ማለቴን አልተውኩም፤ ክፍሉ አልሰፋም፣ ምስጢርም ምስጢር ነው። ነገር ግን ራውንዱ ከመጀመሩ በፊት በየአልጋው አልፌ «ሌሊቱን እንዴት አደሩ? ሐኪሞቹ ሊያውቁት የሚገባ ነገር አለ?» ብዬ ታካሚውንም አስታማሚውንም እጠይቃለሁ፤ የሚሉኝን በእስክሪብቶ መዳፌ ላይ እጽፋለሁ። ታካሚው ከፈቀደ፣ አልጋው ጋ ስንደርስ አስታማሚው ብቻውን ተጠርቶ ይገባል። አንዳንድ ሲኒየሮች ጊዜ ይወስዳል ብለው አጉረመረሙ። እውነት ነው፣ ይወስዳል። ባለመጠየቃችን የጠፋውን ሳምንት ግን ማንም በሰዓት አልለካውም።

አንድ ነገር ግን ደጋግሜ አስባለሁ፤ አስታማሚን ማመስገን ሸክሙን ለእሱ ትቶ መገላገያ እንዳይሆን። ያቺ ባለ ደብተር ልጅ የኮሌጅ ትምህርቷን በዚያ ሴሚስተር አቋርጣ ነበር። ካርቶን ላይ የሚተኙት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ቀን መጥተው ብርቱካን አስቀምጠው ይሄዳሉ። ከገጠር የመጣ ቤተሰብ በሬውን ሸጦ ይቆያል፤ ለታካሚው ምግብ ሲቀርብ አስታማሚው ከሰው ፊት ዘወር ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ማስታመም ሥራ ከሆነ የሚተኛበትና ፊቱን የሚታጠብበት ያስፈልገዋል፤ የማገላበጡንና የማጉረሱን ድርሻ የሚወስድ የተቀጠረ ሰውም ያስፈልጋል። ይህ የበጀት ጉዳይ ነው፤ በፈገግታ አይሸፈንም።

በመጨረሻም አስታማሚ የሌለው አለ። ከፎቅ ግንባታ ላይ ወድቆ ከቀዶ ሕክምና ክፍል በኋላ በሳንባ ምች ወደ እኛ የተዛወረ አንድ የቀን ሠራተኛ ልጅ ነበር፤ አሠሪው በአምቡላንስ አድርሶት ከሄደ ወዲህ የጠየቀው ሰው የለም። አልጋው አሥራ አራት ነበር። አሥራ አምስት ላይ ደግሞ ባላቸውን የሚያስታምሙ፣ ከሰላሌ የመጡ ሴት ነበሩ። ማታ ተረኛ ሆኜ በእጅ ባትሪ ስዞር ካርቶናቸው ከባላቸው አልጋ ሥር ወጥቶ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ባለው ጠባብ ቦታ ተዘርግቶ አየሁ። ምነው ብዬ ስጠይቃቸው፣ «እዚህ ሆኜ ነው ሁለቱም ሲያቃስቱ የምሰማው» አሉኝና ነጠላቸውን ተከናንበው ተኙ። ጠዋት ራውንድ ሲደርስ ሬዚደንቱ ፋይሉን ገልጦ «የአሥራ አራት አስታማሚ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሴትየዋ ከበሩ ሥር ካርቶናቸውን በብብታቸው እንደያዙ፣ «እኔ ነኝ» አሉ።